ከቡሄ በፊት አንድ ሸሚዝ

ባለፈው ዓመት በቡሄ ዋዜማ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አምስት ልብስ ሰፊዎች የፈረሙበት ባለ አንድ ገጽ ማመልከቻ አምስት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ ትምህርት ቤት በር ደረሰ። በሩ ተዘግቶ ነበር። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይዤው የሄድኩትም እኔው ነኝ። ወር ሳይሞላ ከአምስቱ ፈራሚዎች አንዷ ወደ ዱባይ በረረች።

የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ነው፤ ማብራሪያ ደግሞ እንደ አብራሪው ነውና ቆጠብ ብላችሁ እመኑኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኢኮኖሚ ዜና ስሠራ፣ አገሩ ሁሉ የሚስማማበት አንድ ዓረፍተ ነገር አግኝቻለሁ። «ፖለቲካውን ወደ ጎን ትተን ኢኮኖሚውን እናስተካክል» ይላል። ባለሥልጣኑ በመግለጫ ይለዋል፤ ተቃዋሚው በሌላ መግለጫ ይለዋል። ጥርስ ሐኪሜ አፌን ከፍቼ መልስ መስጠት በማልችልበት ሰዓት ብሎኛል። ይህን ያህል የተስማማ ሕዝብ እንዴት እስካሁን ሳያስተካክለው ቀረ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ማንም ሰው ይህን ብሎ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። ትንፋሽ ይወስድና «ምክንያቱም» ይላል። ከ«ምክንያቱም» በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ በረንዳው እንሂድ።

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ፣ በስተግራ በኩል አሮጌ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት አለ። ዙሪያው ሲፈርስ እሱ እስካሁን ቆሟል፤ ለምን እንደቆመ ያጣራሁት ነገር ስለሌለ አልናገርም። በረንዳው ላይ አምስት ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ከደረጃው በስተቀኝ ታደሰ፣ በስተግራ ሰይድ ይቀመጣሉ። ሁለቱም እኩዮቼ ናቸው፤ ስለዚህ አንቱ አልላቸውም፣ እነሱም አይሉኝም። በመሐል ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ የጋራውን ካውያ በያዘው ሰው ሐሳብ ሁልጊዜ ይስማማሉ። ጥግ ላይ፣ ዝናብ በሚያፈስሰው በኩል፣ ሂሩት ነበረች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ማርታ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷን ብቻዋን ነው የምታሳድጋት።

አንድ የሙያ ነገር መናገር አለብኝ። ተራ የስፌት መኪና ሁሉም ነበራቸው። የጨርቁን ጠርዝ እንዳይተረተር አድርጋ የምታስረዋ ኦቨርሎክ የምትባለው መኪና ግን ያለችው ታደሰ ጋ ብቻ ነው። የቁልፍ ቀዳዳ የምታወጣዋ መኪና ደግሞ ያለችው ሰይድ ጋ ብቻ። አንድ ሸሚዝ ሸሚዝ ለመባል በሁለቱም እጅ ማለፍ አለበት። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ጨርቁ በደረጃው ራስ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረወራል፣ ስድቡ ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል።

ምክንያቱም ታደሰ የመንግሥት ደጋፊ ነው፤ ሰይድ ተቃዋሚ። መብራት ሲጠፋ ታደሰ «የጥገና ሥራ ይዘው ነው» ይላል። ሰይድ «ለጥገና ቢሆንማ ይጠገን ነበር» ይላል። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ታደሰ «አላልኩህም?» ይላል፤ እንደገና ሲጠፋ ሰይድ «አላልኩህም?» ይላል። ለትክክለኛነት ስል አንድ ነገር ልጨምር፦ በፊተኛው መንግሥት ጊዜ ደጋፊው ሰይድ ነበር፣ ተቃዋሚው ታደሰ። ሁለቱም ይህን ያስተባብላሉ። እኔ ግን ያኔም ሱሪዬን የማሳጥረው እዚያው ስለነበር አስታውሳለሁ። መንግሥት ሲቀየር እነሱም ተቀያየሩ እንጂ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ከአንድ ወገን አልቆሙም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነገሩ ከረረ። ታደሰ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ዜና ሲያዳምጥ ሰይድ ተነሥቶ ሬዲዮኑን ዘጋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰይድ «ታደሰ የነካውን ጨርቅ አልነካም» አለ፤ ታደሰም «ሰይድ የበሳውን አላስርም» አለ። የታደሰ ደንበኞች ለቁልፍ ቀዳዳ ብለው እስከ ሰባራ ባቡር መሄድ ጀመሩ። የሰይድ ደንበኞች ጠርዙ የተተረተረ ሱሪ ይዘው መመለስ ጀመሩ። ገበያው ቀድሞውንም ቀዝቅዞ ነበር፤ አሁን በረንዳው ላይ ከመኪና ድምፅ ይልቅ የዝናቡ ድምፅ ይሰማ ጀመር።

ሂሩት የምትሠራው አብዛኛውን የልጆች ልብስ ነው። ልብሶቿ ሁለቱንም መኪና ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሲኳረፉ የማንም እጅ እንደ እሷ አልታሰረም።

አንድ ቀን ቁልፍ ላስተክል ሄጄ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ክር ልታወጣ የመኪናዋን መሳቢያ ሳበች። ከክር ማጠንጠኛዎቹ መሐል ፓስፖርት አየሁ። እንዳየሁ አየችኝ።

«የአክስቴ ልጅ ዱባይ ናት» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቤት ውስጥ ሥራ አግኝታልኛለች። ለማንም እንዳይነግሩብኝ ጋሼ።»

«ማርታስ?»

«እሱን እኮ ነው የማስበው» አለችና መሳቢያውን ዘጋችው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይህችው ሂሩት በረንዳው ላይ የምሥራች ይዛ መጣች። ማርታ የምትማርበት ትምህርት ቤት ለሚቀጥለው ዓመት አራት መቶ ሸሚዝ ሊያሰፋ ነው። ዳይሬክተሯ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሂሩትን ለይተው ጠርተው አነጋግረዋታል። ከውጭ የሚመጣው ሸሚዝ ሁለት ወር ሳይሞላው ይቀደዳል፤ እዚሁ ሰፈር ያለ ሰው ቢሰፋው ይሻላል ብለዋታል። «በጋራ የምትሠሩ ከሆነ ከቡሄ በፊት አንድ ሸሚዝ አምጡልኝ» ብለዋታል። ቃል በቃል እንዲሁ ነው የነገረችን። ያኔ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አሁን ይህን ስጽፍ ከፊቴ አለ።

«ይህ ከተገኘ አልሄድም» አለችኝ ለብቻዬ። «አራት መቶ ሸሚዝ ካየ ሌላውም ትምህርት ቤት ይመጣል። እኔ እዚሁ ብሞት ይሻለኛል ከልጄ ጋር።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ስብሰባ ተጠራ። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ነውና ወሬው ሁሉ ስለ ጾም ነበር። ሰይድ ከታች ካለው ካፌ ማኪያቶ አስመጥቶ ፊት ለፊታችን ይጠጣ ነበር። ታደሰ «ነገ ጾም እንደሆነ እያወቀ፣ ሆን ብሎ ነው» አለኝ በጆሮዬ። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን ማጣራት አልቻልኩም።

ሂሩት ተነሥታ ተናገረች። ረጅም ንግግር አልነበረም። «ጋሽ ታደሰ፣ ጋሽ ሰይድ፣ የእናንተን ፖለቲካ ለአንድ ወር ወደ ጎን ተዉልኝ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ተፋጁ» አለች።

ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ለአገር ኢኮኖሚ ስል እተወዋለሁ። ግን ወደ ጎን ስትይ፣ ወደ እሱ ጎን ነው ወደ እኔ ጎን?»

«አንተ ጋማ ቦታ የለም፣ ሞልቷል» አለ ሰይድ።

«ከድልድዩ ወደ ታች ወርውሩት» አለች ሂሩት። ሁላችንም ሳቅን። ወንድማማቾቹ እንኳ ሳቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰኔ ወዲህ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። እኔ በሥራዬ ብዙ የስምምነት ፊርማ አይቻለሁ፤ ከአንዳንዶቹ ይልቅ ይህኛው ከልብ ነበር።

ያን ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት።

«ሸሚዝ ብቻውን አይገባም» አልኩ። «ማመልከቻ ያስፈልጋል። ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ የሚገልጽ።»

አምስቱም ወዲያው ተስማሙ። በዚያ ክረምት ያለ ክርክር በአንድ ድምፅ ያለፈ ሐሳብ ቢኖር ይህ የእኔ ሐሳብ ብቻ ነው። «ገለልተኛ ስለሆንክ አንተ ጻፈው» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ገለልተኛ መባል ለጋዜጠኛ ከሽልማት አይተናነስም።

የእኛን አገር ማመልከቻ ታውቁታላችሁ። «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ማንም የማያውቀውን፣ ወይም ሁሉም በየፊናው የሚያውቀውን ነገር ይዘረዝራል። እኔም እንደ ደንቡ ጀመርኩ፦ «እንደሚታወቀው በአገራችን በተከሰተው የኢኮኖሚ ችግር ምክንያት የልብስ ሰፊዎች ሥራ ተዳክሟል።»

«ተከሰተ?» አለ ታደሰ። «ጎርፍ ነው? ‹ጊዜያዊ ጫና› በለው።»

«ጊዜያዊ?» አለ ሰይድ። «ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ቋሚ የምትሉት? ልደቱን እኮ አክብረንለታል!»

«እናንተ ማለትህ እነማንን ነው?»

«አንተንና ሬዲዮንህን።»

አንድ ቀን እንዲህ አለፈ፤ መጨባበጡ ተረሳ፣ ጨርቅም በደረጃው ራስ ላይ አልተሻገረም። በሁለተኛው ቀን ምክንያቱን እንዘርዝር ተባለ። ታደሰ የዓለም ገበያን አመጣ፤ ሰይድ ፖሊሲን አመጣ፤ ወንድማማቾቹ ሳልቫጅ ልብስ ነው ገበያችንን የገደለው አሉ፣ ቀጥሎም ካውያው ወደ ሰይድ ሲሻገር ፖሊሲም አለበት አሉ። ጦርነቱ ይግባ ተባለ፤ የቱ ጦርነት ተባለ፤ ማን ጀመረው ተባለ። የውጭ ምንዛሬ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ስለበረታ ተበተንን።

አሁን ሁለቱን ሰዎች ለመውቀስ ቸኩላችሁ ከሆነ ቆዩ። እኔ በዚህ መሐል ምን አደርግ ነበር? አጣራ ነበር። ሁለት ምንጭ ያላረጋገጠውን ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ለማመልከቻ ብዬ ደንቤን አላፈርስም። ክር ከገበያ ለምን እንደጠፋ ለማወቅ መርካቶ ወርጄ ሦስት ነጋዴዎች ጠየቅሁ። ሦስት የተለያየ ምክንያት ሰጡኝ። ስለዚህ አራተኛ ፍለጋ በማግስቱ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በረንዳው ላይ ያገኘሁትን ሳቀርብ ታደሰ ግማሹን፣ ሰይድ ሌላውን ግማሽ አልቀበልም አለ። ልብ በሉ፣ በዚህ ጊዜ ሁሉ አንዳቸውም ፖለቲካ አወራን አላሉም። ማመልከቻ እያዘጋጀን ነበር።

ቡሄ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ሂሩት ሰፈሬ ድረስ መጣች። በጋዜጣ ተጠቅልሎ በነጭ ክር የታሰረ ነገር ሰጠችኝ። ጋዜጣው የእኔው ጋዜጣ ነበር።

«ናሙናው ነው» አለች። «ጋሼ፣ ይህን ብቻ ወስጄ ባሳያቸውስ? ደብዳቤው ከኋላ ይምጣ።»

«ደብዳቤ የሌለው ሸሚዝ ጨርቅ ነው» አልኳት። ይህ አባባሌ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። «አብሮ ይገባል። እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ልትናገር ፈልጋ ነበር። አየኋት። ግን እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ የተማርኩ ነኝ፣ ጋዜጣ ላይ ስሜ ይወጣል። «እሺ ጋሼ» አለችና ሄደች። ጥቅሉን ከቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በቡሄ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የቀረን አማራጭ አንድ ብቻ ነበር። ያላስማማንን ሁሉ አንድ በአንድ ሰረዝን። የኢኮኖሚ ችግሩ ተሰረዘ፤ ጫናው ተሰረዘ፤ የዓለም ገበያ፣ ፖሊሲው፣ ጦርነቱ፣ ምንዛሬው፣ ሳልቫጁ ተሰረዙ። የቀረው እንዲህ ይላል፦ «እንደሚታወቀው እኛ ልብስ ሰፊዎች ሸሚዝ መስፋት እንችላለን።»

ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ፊርማው ላይ ደግሞ ማን ይቅደም ተባለ። በፊደል ተራ ይሁን አልኩ። ታደሰ ቆጠረና ሰይድ እንደሚቀድመው ሲያውቅ ፊደሉ ወገንተኛ ነው አለ። በመጨረሻ ሂሩት እስክሪብቶውን ነጥቃ ክብ ሠራችና «ዙሪያውን ፈርሙ፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም» አለች። ዙሪያውን ፈረሙ። በአምስት ኪሎ ዳገት እኔና እሷ ማመልከቻውንና ጥቅሉን ይዘን እየሮጥን ነው የወጣነው፤ ለእኔ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ።

በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው በትንሿ መስኮት ብቅ አለ።

«ዳይሬክተሯ አሁን ወጡ። የሚተው ዕቃ ካለ ስጡኝ፣ ጠዋት ሲገቡ እሰጥልዎታለሁ» አለኝ።

«የተቀባይ ፊርማ ትሰጠኛለህ? ማኅተም አለ?» አልኩት።

«እኔ ዘበኛ ነኝ ጋሼ። ማኅተም ከየት አባቴ ላምጣ?»

ሂሩት እጄን ነካችኝ። «እንተወው ጋሼ፣ ይስጥልን» አለች። እኔ ግን በዚህ አገር ያለ ፊርማ የተሰጠ ወረቀት የት እንደሚገባ ሠላሳ ዓመት ያየሁ ሰው ነኝ። ጠዋት ራሴ አመጣዋለሁ አልኳት።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከመሄዴ በፊት፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። ጸሐፊዋ አነሣች። ዳይሬክተሯ ለዩኒፎርሙ ከአንድ አስመጪ ጋር ተስማምተው ሊፈራረሙ እንደወጡ ነገረችኝ።

ሂሩት ስነግራት የመኪናዋን ክዳን አደረገችና በጨርቅ ጠረገችው። ታደሰ በሰይድ አሳበበ፤ ሰይድ በታደሰ። ሬዲዮኑ እንደገና ተከፈተ። መስከረም ላይ ሂሩት ማርታን ከሥላሴ ጀርባ ለምትኖር እህቷ ሰጥታ ሄደች። ጥግ ላይ ያለችውን ቦታዋን ወንድማማቾቹ የጨርቅ መደርደሪያ አደረጉት።

እኔም የሚጠበቅብኝን አደረግሁ። ጻፍኩ።

ጽሑፉን ያነበባችሁት ትኖራላችሁ። ፖለቲካ አንዲትን እናት እንዴት ከልጇ እንደነጠላት የሚተርክ ነበር። ዋናው ነጥብ ሸሚዙ ነበር፦ ሁለት ሰዎች በፖለቲካ ተኳርፈው አንዱ ሌላው የነካውን ጨርቅ አልነካም በማለቱ፣ ናሙናው ጠርዙ ሳይታሰርና የቁልፍ ቀዳዳ ሳይወጣለት ቀረ ብዬ ነበር። ሳላጣራ አይደለም የጻፍኩት። ሰይድን ጠይቄዋለሁ። «የሂሩትን ናሙና የቁልፍ ቀዳዳ አውጥተህለት ነበር?» አልኩት። «እኔ? ታደሰ ያለበትን ነገር? ምን በወጣኝ!» አለ። ታደሰንም ጠየቅሁት። «አብደሃል? ሰይድ ለሚበሳው ነው እኔ የማስረው?» አለ። ሁለት ምንጭ። ሁለቱም ባለቤቶቹ፣ ሁለቱም በራሳቸው ላይ የመሰከሩ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም።

ጽሑፉ ተወደደ። ባልደረቦቼ ቤት ድረስ ደወሉ። በረንዳው ላይ ስሄድ ታደሰ ጠጋ ብሎ «ያን ሰውዬ ልክ ልኩን ነገርክልኝ» አለኝ። ሰይድም ልወጣ ስል ደረጃው ላይ ተከትሎኝ ያንኑ አለኝ።

ባለፈው ሚያዝያ ሂሩት ከዱባይ ደወለች። ሰላምታው ሲያልቅ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለች። «ያቺን ናሙና ለማርታ ይስጡልኝ። በእሷ ልክ ነው የሰፋኋት። ዩኒፎርሟ ብብቱ ተቀዷል አለችኝ።»

«እሱማ የቁልፍ ቀዳዳ የለውም እኮ» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አልከፈቱትም እንዴ ጋሼ?» አለች።

ሸሚዙ ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከአሮጌ ማስታወሻ ደብተሮቼ ሥር ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነጩን ክር በጥርሴ በጠስኩት። ጋዜጣውን ገለጥኩ። ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ወደ ውስጥ ገልብጬ አየሁት፤ ጠርዙ ከብብቱ እስከ ታች በኦቨርሎክ ታስሯል። የታደሰ ስፌት ነው፣ ሱሪዎቼ ሁሉ ላይ ስላለ አውቀዋለሁ። ወደ ውጭ መለስኩት። ሰባት ቁልፍ፣ ሰባት ቀዳዳ። አንዲት ክር እንኳ አላፈነገጠችም።

«ለጋሽ ታደሰ ማታ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሰጥቼ ነው ያሳሰርኩት» አለች ሂሩት፣ ስልኩን መልሼ ሳነሣ። «ሰይድ እንዳይሰማ ብሎ አስምሎኝ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ከጁምዓ መልስ ሰው ሳይኖር አወጣልኝ፣ እሱም ታደሰ እንዳይሰማ ብሎ አስማለኝ። ለእርስዎ ልነግርዎት ነበር፤ ግን በጋዜጣ ያወጡታል ብዬ ፈራሁ።»

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ማርታን እስኪጠሩልኝ ዳይሬክተሯ ቢሮ አስቀመጡኝ። ሸሚዙን አዩትና ከእጄ ተቀበሉኝ። ስፌቱን በሁለት እጃቸው ጎተቱት። ቁልፎቹን ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ።

«ማን ነው የሰፋው?»

ነገርኳቸው።

«ያኔ ለምን አላመጣችሁልኝም? ሂሩትን እኮ አንድ ሸሚዝ አምጪ ነበር ያልኳት።»

«ማመልከቻው አላለቀም ነበር» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። መሳቢያ ከፍተው የተደራረበ ወረቀት አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ከየሰፈሩ ስድስት ማመልከቻ መጥቶልኛል» አሉ። «ስድስቱም ‹እንደሚታወቀው› ይላሉ። ስለ አገሪቱ ኢኮኖሚ ብዙ ተምሬበታለሁ። ሸሚዝ ይዞ የመጣ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ልጆቹን ደብዳቤ አላለብሳቸው። እስከ ቡሄ ዕለት ጠዋት ድረስ ጠብቄ ነው ከአስመጪው ጋር የተፈራረምኩት።»

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ማረሚያ ነው። ያኔ ሸሚዙ ሳያልቅ ቀረ ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው። ሸሚዙ ቡሄ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው አልቆ ነበር፤ የቆየውም እኔ ጋ ነው።

ማርታ መጣች። ቁመቷ ከማስታውሰው ጨምሯል። ብብቱ ከተቀደደው ዩኒፎርሟ ላይ ደርባ ለበሰችው። ሰባቱም ቁልፎች ተቆለፉ። እጅጌው ግን ከእጇ አንጓ አራት ጣት ያህል አጥሮ ቀረ።